ነጭ ሻርኮቹን ማን አጠፋቸው? የኬፕታውኑና የደርባኗ ክርክር

የክርክሩ ርዕስ፦ «ነጭ ሻርኮችን ከኬፕታውን አካባቢ ያጠፉት ኦርካዎች ናቸው።» ኦርካ ጥቁርና ነጭ መልክ ያለው፣ ሌሎች የባሕር እንስሳትን አድኖ የሚበላ ትልቅ የባሕር አጥቢ ነው። ሁለቱም ተከራካሪዎች ደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የኬፕታውኑ፦

ከኬፕታውን በስተምሥራቅ ባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ጋንስባይ፣ ቱሪስት በሚያመላልስ ጀልባ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እንግዶቹ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነው ውኃ ውስጥ ይገባሉ። ሻርኩ አፍንጫቸው ሥር ይመጣል። በ2017 ግን የነጭ ሻርክ በድን ወደ ባሕሩ ዳርቻ መውጣት ጀመረ። አንዱን በዓይኔ አይቻለሁ። በሁለቱ የደረት ክንፎች መሃል ተቀድዷል፣ ሌላው ሥጋ እንዳለ ነው፣ ጉበቱ ብቻ የለም። የነጭ ሻርክ ጉበት የክብደቱን ሩብ ሊያህል ይችላል፤ ዘይት የሞላበት ነው። እንዲህ መርጦ የሚበላው ኦርካ ነው። ሁለቱን ወንድ ኦርካዎች እዚህ የማያውቃቸው የለም። ፖርትና ስታርቦርድ ይባላሉ፤ የአንዱ የጀርባ ክንፍ ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ ታጥፏል። እነሱ ብቅ ሲሉ ሻርኮቹ ለሳምንታት ይሰወሩ ነበር። በ2019 የኬፕታውኑን ባሕረ ሰላጤ ፎልስ ቤይን ከተራራ ላይ የሚቃኙት ጠባቂዎች አንድም ነጭ ሻርክ አላዩም። የእኔም እንጀራ አብሮ ሄደ። አንዳንድ ሰዎች ጥፋቱን ለማሳበብ፣ ዋናተኞችን ከሻርክ ለመጠበቅ ደርባን ላይ የተዘረጋውን መረብ ያነሣሉ። ደርባን ከዚህ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የዚያ መረብ ከእኛ ሻርክ ጋር ምን አገናኘው?

የደርባኗ፦

ወንድሜ፣ ሥራዎ በመቆሙ ከልቤ አዝናለሁ። ግን «ይርቃል» ያሉትን ማለፍ አልችልም። ለማን ነው የሚርቀው? በ2003 መጨረሻ እዚያው እርስዎ የሠሩበት ጋንስባይ ላይ፣ ኒኮል በተባለች ሴት ሻርክ ላይ መከታተያ ተገጠመ። በ99 ቀን አውስትራሊያ ደረሰች። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ተመልሳ ጋንስባይ ታየች። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው! ለእሷ ደርባን ጎረቤት ነው።

መረቡ ደግሞ ከ1952 ጀምሮ ተዘርግቷል። ደቡብ አፍሪካ በ1991 ነጭ ሻርክን በሕግ በመጠበቅ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች፤ መረቡ ግን አልተነሣም። ይህ እንስሳ እንደ ሰርዲን በሺህ አይፈለፈልም። ሴቷ ለመውለድ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይፈጅባታል፤ የምትወልደውም ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት ሰባ ዓመት ስንገድል ኖረን ጥፋቱን በሁለት ኦርካ እናሳብባለን?

የኬፕታውኑ፦

ስለ ጉበቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። በ1997 ካሊፎርኒያ፣ ፋራሎን ደሴቶች አጠገብ ኦርካ አንድ ነጭ ሻርክ ገደለች፤ ሌሎቹ አካባቢውን ጥለው ሄዱ። እዚያም የደርባን መረብ ነበር? በ2023 እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ሞሰል ቤይ ላይ ስታርቦርድ ብቻውን፣ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ፣ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ሻርክ ገድሎ ጉበቱን ወሰደ። መረቡ ሰባ ዓመት ከቆየ፣ ሻርኮቹ ኦርካዎቹ እስኪመጡ ለምን ጠበቁ?

መረቡ ደግሞ ሰውን ከሻርክ የሚለይ አጥር ነው። በ1957 መጨረሻና በ1958 መጀመሪያ ከደርባን በስተደቡብ በጥቂት ወራት ስንት ዋናተኛ አለቀ! እርስዎ ዛሬ በሰላም የሚዋኙት በማን ነው?

የደርባኗ፦

አጥር? መረቡን አይተውት ያውቃሉ? ርዝመቱ ከ200 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፣ ቁመቱ ስድስት ሜትር ገደማ ነው። ከአንዱ መረብ እስከ ሌላው ክፍት ነው። ሻርክ በላዩ ያልፋል፣ በሥሩ ያልፋል፣ በጎኑ ይዞራል። ከሚያዙትም ጥቂት የማይባሉት ከዳር ወደ ጥልቁ ሲመለሱ ነው የሚያዙት። ማጥመጃ ነው እንጂ አጥር አይደለም። አንድ ማለዳ ሠራተኞቹ መረቡን ሲፈትሹ ከጀልባቸው ወለል ላይ ያየሁት ዶልፊን ነበር። አፉ በገመዱ ተቆርጦ ነበር። አሁንም አጥር ይበሉት።

የኬፕታውኑ፦

ቃሌን ይዘው ያንገላቱኛል እንጂ የጠየቅኩትን አይመልሱም። አጥር የሚለውን ተዉት፣ ማጥመጃ ይሁን። መረብ በተዘረጋበት የደርባን ዳርቻ ከ1952 ወዲህ በሻርክ የሞተ ሰው የለም። ይህንን ዘለሉት። እኔ ሻርክ ጠል አይደለሁም፤ ስድስት ዓመት እጄን ዘርግቼ ያበላሁት እንስሳ ነው። ግን የሰው ልጅም አለ። መረቡ ይነሣ ካሉ በምን እንደሚተካ ይንገሩን።

የደርባኗ፦

የሚተካው እርስዎ ከተማ ውስጥ ነው ያለው። ኬፕታውን ሻርክ የሚገድል መረብ የላትም። ጠባቂዎቹ ከ2004 ጀምሮ ከተራራ እያዩ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ሳይረን ያስጮሃሉ፣ ሰው ከውኃ ይወጣል። እዚያው ኬፕታውን፣ ፊሽ ሁክ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ደግሞ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ፣ ሻርክ የማይጠለፍበት እውነተኛ አጥር አለ። በመዋኛ ወቅት ጠዋት ይዘረጉታል፣ ማታ ይሰበስቡታል። ከቤትዎ በባቡር ይደረሳል። ሄደው ይዩትና ደርባን ላይ የማይሆንበትን ምክንያት ይጻፉልኝ።