ያልተሰጠኝን ቁልፍ ለሚጠይቁኝ ክቡር የክሊራንስ ቅጽ

ለክቡር የክሊራንስ ቅጽ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያልወሰድኩትን ቁልፍ መመለስን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን ለዘጠነኛው ፊርማ በሰላም አደረሰዎ እላለሁ። ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር ክፍያዬ እንዲለቀቅልኝ ፊርማ እየለመንኩ እሞላዎታለሁ፤ ባለፈው ሴሚስተር ሰባት ፊርማ ብቻ ነበሩ። እኔ በስድስት ዓመት አንዲት እርከን ሳልወጣ፣ እርስዎ በአንድ ሴሚስተር ሁለት ሳጥን ጨምረው ብቅ አሉ። ቅናት አይደለም፤ የሚያድግ ነገር ማየት ደስ ስለሚል ነው።

እኔን አያውቁኝም። ከስሜ ሥር «የቅጥር ሁኔታ» ብለው አራት ምርጫ ሰጥተውኛል፦ ቋሚ መምህር፣ የአስተዳደር ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ሌላ (ይግለጹ)። ስድስት ዓመት አስተምሬ «ሌላ» ነኝ። ልግለጽ ብዬ «የትርፍ ሰዓት መምህር» ልጽፍ ስጀምር መስመሩ «የትርፍ» ላይ አለቀብኝ። እንዲሁ ትርፍ ሆኜ ቀረሁ።

ወደ ሐሙስ ልምጣ። ውጤት አስገብቼ፣ ዲፓርትመንት አስፈርሜ፣ ላይብረሪም አስፈርሜ ነበር። ላይብረሪ እንኳ ቀላል ነው፤ ካርዴ ውሌ ባለቀበት ሌሊት ስለተዘጋ «ሲስተሙ አያውቅዎትም፣ ስለዚህ መጽሐፍ የለብዎትም» ብለው ፈረሙልኝ። አለመታወቅ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ አራተኛው ሳጥን ላይ ደረስኩ፦ «የቢሮ ቁልፍ መመለሱ፤ ንብረት ክፍል።»

ሰልፉን ልተወው፤ ያልቆመበት የለም። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ግን ተማሪዬ ሆና ተገኘች። የማታው ክፍል፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ቢ ፕላስ። ስታየኝ ከወንበሯ ብድግ ብላ «መምህር!» ስትል ተሰላፊው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መቼም ሰው ነኝ፣ ደስ አለኝ።

«ቁልፉስ፣ መምህር?»
«የምን ቁልፍ?»
«የቢሮዎ።»
«ቢሮ የለኝም።»

ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግሞ ኮምፒውተሯን። «እሺ መምህር። ግን ቁልፉን መልሰዋል?»

ያልተሰጠኝ ለመሆኑ ከዲፓርትመንት ደብዳቤ ያስፈልጋል አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለኔ እያፈረችልኝ። ዲፓርትመንት ተመለስኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ጸሐፊዋ መጻፉን አልጠላችም፤ ነገር ግን «አልተሰጠውም» ብሎ ለመጻፍ የተሰጣቸው ሰዎች መዝገብ መታየት አለበት፣ መዝገቡ ደግሞ ንብረት ክፍል ነው ያለው። ንብረት ክፍል ተመለስኩ። መዝገቡ ወጣ፣ ተገለጠ፤ ስሜ የለም።

«ይኸው! የለሁበትም!» አልኩ፣ ዕጣ እንደወጣለት ሰው።
«አዎ መምህር። ስለሌሉበት እኮ ነው መመለስዎን ምልክት የማደርግበት ቦታ ያጣሁት።»

ከኋላዬ የቆመ አንድ ወጣት፣ ሰዓቱን እያየ፣ በትሕትና ጣልቃ ገባ። «ጌታዬ፣ ቁልፉን ቢመልሱላቸው እኮ ያልቃል።»

እዚህ ላይ አንቱታውን ላቁመው። ስማኝ፣ አንተ ወረቀት። የትኛው በር ነው? ስድስት ዓመት ሙሉ ተማሪ ያነጋገርኩት በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ደረጃ ላይ ነው። ባለፈው ወር አንዲት ልጅ አባቷ መሞቱን፣ ትምህርቷን ልታቋርጥ መሆኑን የነገረችኝ እዚያው ነው። ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር ወደ ግድግዳው እየተጠጋን፣ እሷ ፊቷን በፈተና ወረቀቷ እየከለለች። የምዘጋው በር የለኝ፣ የማስቀምጥበት ወንበር የለኝ። «ነገ ቢሮ ነይና እናውራ» እንዳልላት እንኳ ቢሮ የለኝ። ቢሮ ካለኝ እስከ ዛሬ የት ደበቃችሁት? ከሌለኝ ደግሞ የሠራሁበትን ገንዘብ አግተህ ቁልፍ የምትጠይቀኝ በምን አፍህ ነው?

ይቅርታ። ወደ አንቱታዬ ልመለስ።

የቀሩት ቅሬታዎቼ ከቁልፉ አጠገብ ሲያዩአቸው ቀላል ናቸው። ውሌን የምፈርመው ሴሚስተሩ ሲጋመስ ነው። የስታፍ ስብሰባ መገኘት ግዴታ ነው፤ ክፍያው ግን አይገኝም። ተመዝጋቢ አነሰ ተብሎ ክፍል ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ስለተሰረዘብኝ ኮርስ ደግሞ ሳጥን ስለሌልዎ አላነሣም።

ሰባተኛው ሳጥንዎን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «የተሰጠ ክሬዲት አወር» ይላል፤ የኮርስ ክብደት በክፍል ሰዓት የሚሰፈርበት መለኪያ መሆኑ ነው። የዚህን መለኪያ የዘር ሐረግ ያውቁታል? በ1905 እ.ኤ.አ. ባለጠጋው አንድሪው ካርኔጊ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ ብሎ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን የያዘው ተቋም ደግሞ ከጡረታው መቋደስ የሚፈልግ ኮሌጅ ሁሉ የሚቀበላቸው ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃ ላይ የተማሩትን በሰዓት ለክቶ እንዲቀበል አዘዘ። ትምህርትን በሰዓት የመስፈሩ ልማድ በዚህ በር ኮሌጅ ገባ፣ ክሬዲት አወርም አብሮት አደገ። እንግዲህ ጡረታ የሌለኝ ሰው የምከፈለው ለመምህር ጡረታ ሲባል በተስፋፋ መስፈሪያ ነው። መስፈሪያው ደግሞ የሚያየው ክፍል ውስጥ የቆምኩበትን ብቻ ነው። እሁድን ሙሉ ያረምኩት የፈተና ክምር፣ ሌሊት ያዘጋጀሁት ትምህርት፣ ደረጃው ላይ ያለቀው ሰዓት የት ገባ? ግብር ሰብሳቢ ለሰው የሚያዝን ፍጡር አይደለም፤ ሆኖም የአሜሪካው እንኳ በ2014 እ.ኤ.አ. የጤና መድን የሚገባው ማን እንደሆነ ለመለየት በወጣው ደንብ፣ ለአንድ የክፍል ሰዓት አንድ ሰዓት ከሩብ የዝግጅትና የእርማት ሥራ ተደምሮ ቢቆጠር እንደሚቀበል ተናግሯል። በሳምንት 30 ሰዓት የሞላለት መድን ይገባዋል ሲባል ደግሞ አንዳንድ ኮሌጆች ምን አደረጉ? ሰዓቱ እንዳይሞላ ክፍል ቀነሱ። የእርስዎ ዘመዶች መሆን አለባቸው።

ሐሙስ እንዴት እንዳለቀ አልነገርኩዎትም። ከሰዓት በኋላ፣ ሰልፉ ሲሳሳ፣ ተማሪዬ በእጇ ጠቀሰችኝ።

«መምህር፣ ‹ጠፍቷል› ብለው ቢሞሉ ዛሬውኑ ያልቃል። ለጠፋ ቦታ አለው።»

ለጠፋ ቦታ አለዎት! ላልተሰጠ የለዎትም፣ ለጠፋ አለዎት። ሞላሁ። «ከላይ የተጠቀሰውን ቁልፍ በራሴ ግድየለሽነት ማጥፋቴን አረጋግጣለሁ» የሚለው ቀድሞ ታትሞ ስለነበር ከፊርማዬ በቀር ምንም አልደከምኩም። ዋጋው ከክፍያዬ ላይ ተቀነሰ፣ ማኅተሙ ወረደ። «አይዞዎት መምህር» አለችኝ፣ እውነትም አዝና።

እንግዲህ የቁልፉን ዋጋ ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፦ የበሩን ቁጥር ይጻፉልኝ። በመጪው ሴሚስተር ተማሪዎቼ ደረጃው ላይ መጠበቅ ሳይጀምሩ ብነግራቸው ብዬ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ሌላ (የትርፍ