ክብር ለአገጫችን

ጤና ሚኒስቴር የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ይፋ ያደረገው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። በዚያው ወር 30ኛው ቀን ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፈረንጁ ክትባት ፍለጋ ላብራቶሪ ገባ። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ደግሞ የአገጭ ማስክን ፈለሰፍን።

አትሳቁ። አገጭ እኮ የተረሳ አካል ነው። ለዓይን መነጽር፣ ለጆሮ ጉትቻ፣ ለራስ ኮፍያ ሲገዛ ኖሯል። በሐምሌ ብርድ ለአገጭ ማን አዘነለት? አፍንጫ እንደሆነ መተንፈስ አለበት። አፍም ሥራው ብዙ ነው፤ በተለይ የእኛ።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ሊያስነጥሰው ሲል ማስኩን ዝቅ የሚያደርገውን ሰው ነው። አንዱን አምባሳደር ጋ ታክሲ ሰልፍ ላይ በቅርብ አይቼዋለሁ። በጣም በቅርብ። ዓይኑ ጠበበ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ፣ ማስኩን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ወደ አገጩ አወረደና እኔ ላይ አስነጠሰ። ከዚያ መልሶ አደረገው። በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ማስክ ያቆሽሸው እንዴ? ሰው ለንብረቱ ሲሳሳ ደስ ይላል። እኔም «ይማርህ» አልኩት፤ ምን ላድርግ፣ አስተዳደጌ ነው።

ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ፣ ሒሳቡም እጥፍ እንዲሆን በታዘዘ ጊዜ ሁለተኛዋን ትእዛዝ በዚያው ቀን ነው ያከበርናት። የመጀመሪያዋን ትራፊክ ባለበት ቦታ ሁሉ እናከብር ነበር።

አንድ ቀን ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ ስሄድ ማስኬን ረስቻለሁ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አየና «ማስክ! ማስክ! ትራፊክ አለ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ኪሴን ስዳብስ እሱ መስታወቱ ላይ ከተንጠለጠለው መቁጠሪያ አጠገብ አንድ ማስክ አውርዶ ሰጠኝ። ድሮ ሰማያዊ ነበረች። አንዱ ማንጠልጠያዋ ተበጥሶ በነጭ ክር ተቋጥሯል።

«የማን ናት?» አልኩት።

«የታክሲው ናት ወንድሜ፣ አድርጋት። ጠዋት ጀምሮ ስንቱን አሳልፋለች!»

አደረግኳት። የበርበሬና የሲጋራ ሽታ አላት። ትራፊኩን እንዳለፍን የሁሉም ማስክ በአንድ ጊዜ ወረደ። ኮሮና ዩኒፎርም ለብሶ መንገድ ዳር እንደሚቆም የደረስንበት እኛ ነን፤ ለሳይንሱ ዓለም አለማሳወቃችን ትሕትና ነው።

የባንክ ጥበቃዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። አንደኛው ሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደግኖ «34፤ ይለፉ» አለኝ። በ34 ዲግሪ ሰው በእግሩ ቆሞ ብር አያወጣም። እኔ ግን አወጣሁ።

ማታ ማታ ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ እፈራ ነበር። የያኔዋ ጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ ያወጡትን የዕለቱን የታማሚ ቁጥር አይቼ እናቴ ጋ እደውላለሁ። ከጥሪው በፊት «እጅዎን ይታጠቡ» የሚለውን እየሰማሁ እጠብቃለሁ። እሷ አንስታ «ፌጦውን ወሰድክ?» እስክትለኝ ልቤ አያርፍም። ጠዋት ተነስቼ ማስኬን አገጬ ላይ አድርጌ እወጣለሁ።

ባለፈው አሮጌ ጃኬት ሳራግፍ ከውስጥ ኪሱ አንድ የተጣጠፈ ማስክ ወጣ። ውስጡ በመስከረም 2013 ብር ሲቀየር ሳልቀይረው የቀረ አሮጌ 10 ብር ነበር። ብሩ አይሠራም። ማስኩን ግን መስታወት ፊት ቆሜ ሞከርኩት፤ ዛሬም አገጬን ልክክ አድርጎ ይይዛል።