የአቅራቢው ሒሳብ ሲቀየር የሚፈርመው ማን ነው?

ሰሞኑን የአንድ ትልቅ ድርጅት ኃላፊዎች የደንበኞችን፣ የአቅራቢዎችንና የዕቃዎችን ዋና መዝገብ የሚጠብቀውን ቡድን በትነዋል። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ዝርዝር ይይዛል ተብሏል። ለምን ሲባሉ «ዳታ ማጽዳት ጊዜው ያለፈበት ሥራ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስተካክለዋል» አሉ። ከሰማሁት ጀምሮ ንዴቴ አልበረደም።

ምኑን ነው የሚያስተካክለው? ሶፍትዌር ሁለት መዝገቦች እንደሚመሳሰሉ ይነግራችኋል። እሱን በደንብ ይችላል። በአንድ አቅራቢ ስም ሁለት የባንክ ሒሳብ ቁጥሮች ቢያገኝስ? ሁለቱም በትክክል ተጽፈዋል። ሁለቱም የሚሠሩ ሒሳቦች ናቸው። አንዱ የአቅራቢው ነው። ሌላውን አጭበርባሪ በሐሰተኛ ኢሜይል አስቀይሮታል። የትኛው የማን እንደሆነ ዳታው ላይ አልተጻፈም። ይህን የሚያውቀው ስልክ አንስቶ፣ ቀድሞ በተመዘገበው ቁጥር ደውሎ፣ «ሒሳብ ቀይራችኋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ክፍያ የሚፈጽመው ሰው መሆን የለበትም። አቅራቢ የሚመዘግበውና ገንዘብ የሚልከው አንድ ሰው ከሆነ ለሌባ በር ተከፈተለት ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ኦዲተር የለም። መዝገቡን ለየክፍሉ ስትበትኑ ያፈረሳችሁት ይህንኑ ቁጥጥር ነው። ማሽኑ የተሳሳተውን ቁጥር በአንድ ሌሊት ሲስተሙ ውስጥ ሁሉ ያዳርሰዋል። ገንዘቡ ሲጠፋ ግን ቀርቦ አይጠየቅም።

ታርጌትን አስታውሱ። የአሜሪካው ቸርቻሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ካናዳ ሲገባ የዕቃ መረጃው በስህተት የተሞላ ነበር። ኢንችና ሴንቲሜትር ተምታቷል። ርዝመትና ስፋት ተገለባብጧል። መጋዘኑ ሞልቶ መደርደሪያው ባዶ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአገሩ ለመውጣት ወሰነ፤ 133ቱም መደብሮች ተዘጉ። ሌላም ምክንያት ነበረው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ዕቃው ምን ያህል እንደሆነ በትክክል የማያውቅ ነጋዴ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም ባይ ነኝ።

ባንኮችም ቀምሰውታል። የአሜሪካው የኢንቨስትመንት ባንክ ሊማን ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወድቅ ብዙዎቹ ምን ያህል ገንዘባቸው እዚያ እንደታሰረ ቶሎ መናገር አቃታቸው። አንዱ ድርጅት በየሲስተሙ በሌላ ስም፣ በሌላ ኮድ ተመዝግቦ ነበርና። ከዚያ በኋላ ነው ለድርጅቶች ባለ 20 ፊደልና አሃዝ ዓለም አቀፍ መለያ የተዘጋጀው። መለያው በየዓመቱ ይታደሳል፤ መረጃውም እንደገና ይረጋገጣል። ያን ያህል ዋጋ ተከፍሎ የተገኘን ትምህርት እነዚህ ኃላፊዎች በአንድ ስብሰባ ጣሉት።

«ማዕከላዊ መዝገብ ሥራ ያጓትታል» ለሚለው ቅሬታ ትንሽ እውነት እሰጠዋለሁ። አንድ ዕቃ ለማስመዝገብ ሳምንት መጠበቅ ያማርራል። ታዲያ ፎርሙን አሳጥሩት፤ ሰው ጨምሩ። ቡድን መበተንን ምን አመጣው?

ቡድኑን መልሱ። አንመልስም ካላችሁም የአቅራቢ የባንክ ሒሳብ ሲቀየር አጣርቶ የሚፈርመው ማን እንደሆነ በስም ጽፋችሁ አሳውቁ። በውሳኔያችሁ ላይ የአንድም ሰው ስም የለም።