መልካሳን አልፈን የምንሄድ ሰዎች

ወገኖቼ፣ የአዳማ ሰዎች፣ ዛሬ በመልካሳው የእርሻ ምርምር ማዕከል ጉዳይ ልቆጣችሁ ነው። ግን ሌላውን ከመቆጣቴ በፊት ከራሴ ልነሳ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ወዳጄ ጋር አዋሽ ዳር ግማሽ ሄክታር መሬት በኮንትራት ይዘን ሽንኩርት ልናለማ ተነሳን። ዘሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ደላላ "ይሄ አንደኛ ነው" ስላለኝ ብቻ፣ ጣሳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንኳ ሳላነብ ከፍዬ ወጣሁ። የሽንኩርት ዘር ጥቁር አዝሙድ ይመስላል፤ ዘንድሮ የተሰበሰበውም፣ መደርደሪያ ላይ ሦስት ዓመት የከረመውም ለዓይን አንድ ነው። መደብ አዘጋጅተን ዘራን፤ ገለባ አለበስን፤ ጠዋት ማታ አጠጣን። በ10ኛው ቀን ገለባውን ስንገልጥ እዚህም እዚያም ክር የመሰለ ነገር ብቅ ብሏል፤ ሌላው ባዶ አፈር ነው። ውሃ ጨመርን። በ15ኛውም ቀን ያው አፈር።

ያኔ ከጎናችን የሚያርሱ አንድ አዛውንት መጡና መደቡን ጎንበስ ብለው አዩት። "ልጄ፣ ፈትነኸዋል?" አሉኝ። ምኑን? ብዬ ዓይን ዓይናቸውን ማየት። የተረፈውን ዘር አስመጡና 100 ፍሬ ቆጥረው እርጥብ ጨርቅ ላይ በተኑት፤ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ አኖሩት። ጨርቁ እንዳይደርቅ እያርከፈከፍን 10 ቀን ጠበቅን። ሲፈቱት የበቀለው 22 ነበር። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ይደክማል፤ እንደ እኛ ባለ ሙቀት ቦታ ክረምት ከተሻገረ አይታመንም። ይህን ከየት ተማሩት ብላቸው "ከመልካሳ ነዋ፣ ከምርምሮቹ" አሉኝ፣ ቡና የሚያጣጣቸውን ጎረቤት እንደሚጠሩ ሁሉ።

እኔ ደግሞ በአሰላ መስመር ስመላለስ መልካሳን 20 ዓመት አልፌዋለሁ። አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ ተቀምጠን አንዱ "እነዚህ ተመራማሪ የሚባሉት ግን በስንት ዘመናቸው ምን ሠሩልን?" አለ፤ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ምላሳችን ጤፍ ይቆላል፤ ጤፉ ከየት እንደ መጣ ግን አናውቅም። ሰላጣው ላይ የተከተፈው ሽንኩርት የከተማችንን ስም የያዘው አዳማ ሬድ ሊሆን ይችል ነበር፤ እሱንም ያወጣው ከእኛ 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው መልካሳ ነው። የእርሻ ምርምሩ ተቋም በ1958 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የመልካሳው ማዕከል በ1961 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር፣ ያን ቀን ማዕድ ከቀረብነው አብዛኞቻችን አልተወለድንም ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

እስቲ ስለ ጤፉ ትንሽ ልቆይ፤ ሁላችሁም ዋጋውን እንጂ ታሪኩን ስታወሩ አልሰማሁምና። የጤፍ 1,000 ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም። አበባው ደግሞ ከፍሬው ብዙ የማይበልጥ ነገር ነው፤ ራሱን በራሱ አዳቅሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጤፍ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ኖሯል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዶ/ር ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው ማለዳ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ሰዎች በብርድ ተነስተው፣ ማጉያ መነጽር ላይ ተደፍተው፣ በመቆንጠጫ ወንዴውን እየነቀሉ ጤፍ ያዳቅላሉ። ቢሾፍቱ ባለው የደብረ ዘይት ማዕከል ነጭነቱን ከማኛ፣ ምርታማነቱን ከሌላ ዝርያ ወስደው ያወጡት ቁንጮ የሚባል ጤፍ ለገበሬ የተለቀቀው በ1998 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያው ማለዳ እስከ ቁንጮ ቁጠሩት፤ ሠላሳ ዓመት ሆኗል። እኛ ደግሞ በሁለት ዓመት ውጤት አላየንም ብለን እንማረራለን። ሪባን የማይቆረጥለት ሥራ እንደሆነ ዓይናችን አይገባም።

"መንግሥት ለምን ይደክማል፣ ነጋዴው አይሠራውም ወይ?" የምትሉም አላችሁ። ይህ ጥያቄ ብልህ ይመስላል፤ ግን የእህሉን ጠባይ አለማወቅ ነው። ዲቃላ በቆሎ የዘራ ገበሬ ከምርቱ ለከርሞ ዘር ቢያስቀር ይቀንስበታል፤ በየዓመቱ መግዛት አለበት። ስለዚህ ኩባንያው ሱቅ ከፍቶ ይጠብቀዋል። ጤፍ፣ ስንዴና ቦሎቄ ግን እንደዚያ አይደሉም። ገበሬው አንድ ጊዜ ጥሩ ዘር ካገኘ ከጎተራው ያስቀራል፤ ለአማቹ ያካፍላል፤ ለጎረቤት በቁና ያበድራል። በዚህ ኩባንያ ምን ያተርፋል? ጤፍን ዋና እንጀራው ያደረገ ሌላ አገር ደግሞ ከእኛና ከኤርትራ በቀር የለም። ስለዚህ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራው ተቋም ካልሠራው ጤፍን የሚያሻሽልልን አይገኝም። እስኪ አስቡት፣ የራሳችንን ሰብል ዘር ከሌላ ልንለምን፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ሌላው ጥፋታችን አንዴ ጥሩ ዘር ከወጣ ነገሩ አልቋል ማለታችን ነው። አርሲና ባሌ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ። ኩብሳ የሚባለው ስንዴ ገበሬውን ዓመታት ሲያጠግብ ኖሮ በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ቢጫ ዋግ ወረደበት። ገበሬው ወደ ዲጋሉ ዞረ፤ ዲጋሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበር። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ዲጋሉን ግንድ ዋግ በላው። ዋግ በነፋስ የሚሄድ፣ ጠባዩን የሚለዋውጥ በሽታ ነው፤ ዛሬ ያልደፈረውን ዝርያ ነገ ይደፍረዋል። አሰላ ሳይደረስ ያለው የቁሉምሳ ማዕከል ቀጣዩን ዝርያ አስቀድሞ ካላዘጋጀ የእኛ ዳቦ ቤቶች ምን እንደሚሆኑ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። ቡናም እንዲሁ ነው። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን መግባቱ ሲታወቅ፣ የጅማ ምርምር ማዕከል ሰዎች በሽታው ከጨፈጨፈው መካከል ሳይነኩ የቀሩትን ዛፎች እየፈለጉ ዘር ሰበሰቡ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው የቡና ዝርያዎች፣ 74110ና 74112፣ የመጡት ከዚያ ፍለጋ ነው። 74ቱ በፈረንጅ ዓመቱን ያመለክታል።

እናንተ የቦሎቄ ነጋዴዎች፣ ለእናንተም አለኝ። ነጩ ቦሎቄ ውጭ አገር ሄዶ በቲማቲም ድልህ ታሽጎ ይሸጣል፤ ፋብሪካው የሚፈልገው እኩል የሆነ፣ እኩል የሚበስል ፍሬ ነው። አዋሽ 1ን እና አዋሽ መልካን የመሳሰሉት ዝርያዎች የወጡት ለዚህ ነበር። እናንተ ግን ከየገበሬው የሰበሰባችሁትን ሁሉ አንድ ክምር ላይ ትደፉታላችሁ። ከዚያ መጋዘን ውስጥ እናቶቻችን ቀኑን ሙሉ መሬት ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አስረው አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ዓይናቸው የቱንም ያህል ቢፈጥን ሁለቱም ነጭ የሆኑ ዝርያዎችን መለየት አይችልም። ድስቱ ግን ይለየዋል። ለዘር የመጣውን ለእህል ስትገዙትም አይቻለሁ፤ ገበሬው ቢሸጥላችሁ ቸግሮት ነው፣ እናንተን ምን ቸገራችሁ?

ባለሀብቶቻችንና ደላሎቻችንም አሉ፤ የሙከራ ማሳ ሲያዩ "ይሄ ሁሉ ባዶ መሬት!" የሚሉ። አንዱ ጎኔ ተቀምጦ እንዲህ ሲል በመኪናው መስኮት አብሬው ተመለከትሁ። ትንንሽ ቁራጭ ማሳዎች፣ በየጫፋቸው ቁጥር የተጻፈበት እንጨት፤ አንዱ ማሽላ ረጅም፣ ጎኑ ያለው አጭር፣ ሌላው ደርቆ የቀረ። ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ያጮኸዋል። ያ ደርቆ የቀረው ቁራጭ እንኳ ሥራ ላይ ነው፤ የማይሆነውን እያሳየ ነው። የዚያ አፈር ጠባይ፣ የዝናቡ ልክ፣ የየዓመቱ ውጤት መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ መሬቱን አንስታችሁ ሌላ ቦታ ብትሰጡ መዝገቡ አብሮ አይሄድም።

ልጁ ግብርና ሲደርሰው ፊቱን የሚያጠቁር አባትም ራሱን ይመርምር። "አርሶ አደር ልትሆን ነው?" ትላላችሁ፣ እንደ ስድብ። በማግስቱ ገበያ ወጥታችሁ ቲማቲም ተወደደ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ።

የመስክ ቀን ሲባል ደግሞ ማን እንደሚሄድ እናውቃለን። ኮፍያና ቲሸርት ለብሰን፣ ማሳው ጫፍ ላይ ፎቶ ተነስተን፣ ምሳችንን በልተን እንመለሳለን። ከእኛ መካከል ማስታወሻ የያዘ ስንት ነው? አንዲት ሴት ገበሬ ብቻ እጇን አውጥታ "ይሄ ቦሎቄ በስንት ሰዓት ይበስላል? ማገዶ ውድ ነው" ብላ ስትጠይቅ ሰምቻለሁ። ከባለሥልጣኑ ንግግር ሁሉ የበለጠ ጥያቄ የእሷ ነበር።

ተመራማሪዎቹም ከደሙ ንጹህ አይደሉም። በእንግሊዝኛ ጽፈው፣ በእንግሊዝኛ ተጨብጭቦላቸው፣ ገበሬው ዘንድ ሲደርሱ ቃል የሚያጥራቸው አሉ። መነሻ ዘሩ ከማዕከሉ ወጥቶ በአባዢዎች በኩል ገበሬው ጋ እስኪደርስ የሚንጠባጠበውም ብዙ ነው። ግን ይህን ማን ይጠይቃቸው? ባለቤት የሌለው ቤት አይጠረግም። ተቋሙ የእኛ ነው ካልን "ያ ዝርያ የት ደረሰ? ለእኛ ሙቀት የሚሆነው ሽንኩርት መቼ ይመጣል?" ብለን በሩን ማንኳኳት የእኛ ሥራ ነው። ሐሜቱን ማዕድ ላይ ስንጨርሰው እነሱ ጋ ምን ይደርሳል?

እኔ ካከሰረኝ መደብ በኋላ ሄድኩ። ጥበቃው "ምን ፈልገህ ነው?" አለኝ። ያን የተረፈ ዘር በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ አሳየሁት። ስቆ አስገባኝ። ውስጥ ያገኘሁት ባለሙያ አዛውንቱ የነገሩኝን ደገመልኝ፤ ጨምሮም ጣሳ ላይ ምን ማንበብ እንዳለብኝ፣ ዘሩ የተፈተነበትንና የሚያበቃበትን ቀን እንዴት እንደማይ አሳየኝ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

የአሰላ ሚኒባስ ረዳት "ዴራ፣ ኢተያ፣ አሰላ!" እያለ ይጣራል፤ የመልካሳን ስም ላይጠራው ይችላል። እናንተ ግን ግቡ፤ ስትደርሱ "ወራጅ አለ" በሉ።