የባንክ ጥበቃ ነኝ፣ የባንኩ ሠራተኛ ግን አይደለሁም

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። ከዚያ ባንኮቹ በቢሊዮን የሚቆጠር ትርፋቸውን ፌስቡክ ላይ ይለጥፋሉ። ሠራተኛው ቦነስ ያገኛል፣ ባለአክሲዮኑም ድርሻውን ይወስዳል። ደግ፣ ያግኙ። እኛስ?

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ጥበቃ ነኝ። የምቆመው ባንኩ በር ላይ ነው፤ የቀጠረኝ ግን ኤጀንሲ ነው። ባንኩ ለኤጀንሲው ይከፍላል፣ ኤጀንሲው የራሱን ያስቀርና የተረፈውን ለእኔ ይሰጣል። ባንኩ በእኔ ስም ስንት እንደሚከፍል ጠይቄ የነገረኝ የለም። ቦነስ ሲመጣ «አንተ የኤጀንሲ ነህ» እባላለሁ። ኤጀንሲውን ጭማሪ ስጠይቅ ደግሞ «ባንኩ መቼ ጨመረልን» ይለኛል። ጽዳት የሚሠሩት እትዬም ዕጣቸው ይኸው ነው።

ደመወዜ 3,000 ብር ነው። ለጡረታ 7 በመቶ፣ 210 ብር ይቆረጣል። ከ2,000 ብር በላይ ላለው ደግሞ ግብር 150 ብር። እጄ የሚገባው 2,640 ነው። የቤት ኪራይ 1,500 ሲወጣለት 1,140 ብር ትቀራለች። በእሷ ወር ሙሉ ብላ፣ ልበስ፣ ታከም፣ ገጠር ላለች እናትህም ላክ!

ይህ እኮ ጎጃም ነው፣ የጤፍ አገር። የቢቸና ጤፍ ተጭኖ በደጀን ዓባይን ሲሻገር እያየን፣ እኛ በኪሎ ነው የምንገዛው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ዘይቱም ሳሙናውም ተከትሎት ወጣ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲጨመር አከራዬ ለእኔም የተጨመረልኝ ይመስል ኪራይ ጨመረብኝ።

ሕግ የለም እንዳልል፣ አለ። አዋጅ 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። እኛ 24 ሰዓት ገብተን 24 ሰዓት ነው የምናርፈው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይታሰብልንም። ያው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር። ስንት ዓመት አለፈው!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «ተማር፣ ትለወጣለህ» የሚሉት ነገር ነው። ተምሬያለሁ። የአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ለባንኩ ሠራተኞች ብቻ ነው። የውጭ ሲወጣ የባንክ ልምድ ይጠየቃል። ልምዱን ከየት ላምጣው? የማደርበት በር ልምድ ተብሎ አይጻፍልኝም።

እናንተ የባንክ ኃላፊዎች፣ ከኤጀንሲ ጋር ስትዋዋሉ ሠራተኛው እጅ የሚገባው ስንት እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። የእናንተን በር የምንጠብቀውንና የምናጸዳውንም በውስጥ ማስታወቂያ አወዳድሩን። ፈተናውን ከወደቅኩ ያኔ «አትሆነንም» በሉኝ።