በደብዳቤ አይስፋፋም
ስለ ሆስፒታሎች አሠራር የጻፉ አንድ ጸሐፊ «አንድ ሆስፒታል የተሳካለትን አሠራር ሌሎቹም በመመሪያ ይውሰዱት» ብለዋል። እኔ እንጃ። የጤና ኤክስቴንሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ ገጠሩን ያዳረሰው ደብዳቤ ስለተበተነ አይደለም፤ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተቀጥረው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ከመንግሥት ደሞዝ እየተከፈላቸው፣ ጤና ኬላ ተሠርቶላቸው ነው። እዚህ ፒያሳ አካባቢ እኔ የምታከምበት ጤና ጣቢያ ግን ካርድ ክፍሉን ወደ ኮምፒውተር ቀየርን አሉ፣ ወረቀቱንም አልተዉትም፣ ያቺው አንድ ልጅ ሁለቱንም ትሞላለች፣ መብራት ሲጠፋማ ተዉት። ታዲያ ሰልፉ በምን ይቀንስ? አዲስ ሲመጣ አሮጌውን አንሱላት እንጂ! ደግሞ አሠራሩ ከተሳካበት ቦታ አንድ ባለሙያ አምጡና ሁለት ሳምንት አብራት ትሥራ። ከአዳራሽ ሥልጠናው (ከነአበሉ) በስንት ጣዕሙ።