የካድሚየሙ መብራት

ባሕር ዳር በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ በአናሊቲካል ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው የእህቴ ልጅ ከጣና ናሙና ልትቀዳ ስትወጣ አብሬያት ጀልባ ተሳፈርሁ። በአሲድ አጥባ ያደረቀቻቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች እየሞላች፣ ውኃው ውስጥ ያሉት ብረቶች የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቁ ጥቂት ጠብታ ናይትሪክ አሲድ ትጨምርባቸዋለች። ሽማግሌው ባለ ጀልባ «ውኃችን ታመመ እንዴ?» ቢሏት «እሱን እኮ ነው የምናየው፣ አባቴ» አለቻቸው።

ጥናቷ ሁለት መርዛማ ብረቶችን፣ እርሳስንና ካድሚየምን፣ መለካት ነበር። የፎስፌት ማዳበሪያ ካድሚየም ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና የሚገቡት ርብና ጉማራ ምን እንደሚያመጡ መጠየቋ ተገቢ ነው። ነገር ግን የምትጠቀምበት የአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ (ብረትን በሚውጠው ብርሃን መጠን የሚለካ) ለእያንዳንዱ ብረት የየራሱ መብራት ይፈልጋል፤ የካድሚየሙ ተቃጥሏል። ምትኩ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ እስኪመጣ የትምህርት ዘመኗ ስለሚያልቅ፣ ካድሚየም ከርእሷ ተሰረዘ።

እኔ አሜሪካ ለዶክትሬት ስማር ብዙ ብረቶችን በአንድ ጊዜ በሚለካ መሣሪያ ላይ ማታ ናሙና ደርድሬ እሄድና ጠዋት ውጤቱን ኮምፒውተር ላይ አገኘው ነበር። ሲበላሽ ውል ያለው ኩባንያ ባለሙያ ይልካል። እዚያ በኬሚስትሪ ዶክትሬት እንደተለመደው የትምህርት ክፍያዬ ተሸፍኖ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ቤተ ሙከራ ሳስተምር ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር። ታዲያ፣ ሳልሸሽግ ልናገርና፣ መሣሪያው ውስጥ የሚሆነውን በቅጡ የተረዳሁት አራተኛ ዓመቴ ላይ ነው። እሷ ግን ኤሌክትሪክ ሄዶ በመጣ ቁጥር መብራቱ እስኪሞቅና ንባቡ እስኪረጋ ጠብቃ፣ ስታንዳርዶቿን፣ ማለትም የብረት መጠናቸው የታወቀ ማነጻጸሪያዎቿን፣ ከመጀመሪያው ስለምትለካ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ አሳምራ ታውቃለች።

«ችግር ብልሃትን ይወልዳል» እያልን ለአገር ቤት ተማሪ የምናጨበጭብ ዲያስፖራዎች አለን፤ እኔም ብዬዋለሁ። ካድሚየም ከርእስ ሲሰረዝ ካየሁ ወዲህ ግን አፌ አይደፍርም።

አሲድ የገባበት ናሙና ለብረት ምርመራ እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ሁለት ጠርሙስ ሳትነካ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠችና ቀኑን ጻፈችባቸው። የመሣሪያውን ሞዴልም በቁራጭ ወረቀት ገልብጣ ሰጠችኝ። «ጋሼ፣ መብራቷ የእጅ ባትሪ ብታክል ነው፤ ለእኔ ጫማ ከምታመጣ እሷን ሻንጣህ ውስጥ ክተታት።»